በላስቲክ የታሰሩ ወረቀቶች

መጀመሪያ ያየሁት ንጽሕናውን ነው። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ሁለት ወር ሙሉ ሳነሳት ሳስተኛት ከርሜ፣ ወደ ሥራ በተመለስኩበት ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑን በር ስከፍት ወለሉ ተወልውሏል፣ የመስኮቱ መስታወት ያበራል፣ መሳቢያዎቹ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «የሜዳ አህያ»፣ «ጉማሬ»፣ «ከርከሮ»፣ «አጋዘን» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

«የሜዳ አህያ» የሚለውን መሳቢያ ሳብኩት። መቶ ስልሳ ጥርስ በነጭ ጨርቅ ላይ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሯል፣ ሱቅ መስኮት ላይ እንደሚታይ የእጅ ሰዓት። ከሥራቸው ወረቀት የለም። አንዱን አነሳሁ፣ ሌላውን አነሳሁ፣ ጨርቁን ገለጥኩ። የለም!

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። እስከ ጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ ከቆፋሪዎች ጋር ሜዳ ይወጡ ነበር፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ወደ መጋዘን ገቡ። በጠቅላላው ሠላሳ ዓመት፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈባቸው ሰው ናቸው። ጡረታቸው የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ቁልፋቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሰማያዊ ካፖርታቸውን እየቆለፉ መጡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! እናትሽ እንዴት ሆኑ?»

«ወረቀቶቹ የት አሉ?»

«የቶቹ ወረቀቶች?»

«ከእያንዳንዱ ጥርስ ሥር የነበሩት!»

«እነሱማ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው? እኔ ወረቀት ስጥል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉና ከጠረጴዛቸው መሳቢያ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ጥቅል አውጥተው ሰጡኝ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ያቺን ቢጫ ላስቲክ ሳስባት እስካሁን ቆሽቴ ያርራል።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይላል። ሥራዬ የሞቱ እንስሳት ጥርስ ነው። የሰፈሩ ሰው «የጥርስ ሐኪሟ» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ «የእሷ ታካሚዎች አመመኝ አይሉም» ትላለች። ጥርስ እንስሳው በሕይወት ሳለ የበላውንና የጠጣውን በውስጡ ይዞ ይቀራል፤ በመሣሪያ ሲለካ ሣር ይግጥ ነበር ወይስ ቅጠል፣ ዘመኑ ዝናብ ነበር ወይስ ድርቅ፣ ይናገራል። ከአንድ ሸለቆ የወጡትን ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ንብርብር በንብርብር ስናነብ፣ ማንም ሰው ያላየውን አገር እናየዋለን። ግን ጥርሱ ከየትኛው አፈር እንደወጣ ካልታወቀ ከንቱ ነው። ያንን የምትናገረው ያቺ ከሥሩ የምትቀመጥ ወረቀት ብቻ ናት።

የኔ ሸለቆ ሁለት ንብርብር አለው፤ ከታች ግራጫ ጭቃ፣ ከላይ ቀይ አፈር። ግራጫው ውስጥ ጉማሬ፣ ዓሣና ኤሊ፣ ጥቂትም የሜዳ አህያ አለ። ቀዩ የሜዳ አህያ መንጋ ነው፤ ጉማሬ አንድም የለም። ስለዚህ ሐይቁ ደረቀ፣ ውሃ ወዳዱ ጠፋ፣ ሣሩ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፣ «ሦስተኛ የለም» ተብዬ ፈርሜያለሁ። በዚህ ወር ካላቀረብኩ ተማሪነቴም ያልቃል፣ ሰባቱ ዓመትም እንዳልነበረ ይሆናል። የቀረኝ ጥርሶቹን ማስለካት ብቻ ነበር። የመሣሪያው ወረፋ ሁለት ዓመት ጠብቄ የደረሰኝ ደግሞ ከዐሥር ቀን በኋላ ነው።

«ለምንድን ነው ግን የነኳቸው?» አልኩ።

«እንግዶች ሊጎበኙ ነው ተባለ። አለቃችን መጋዘኑን አሳምሩ አለ። መሳቢያውን ብከፍተው አህያው ከጉማሬው፣ ጉማሬው ከዓሣው ተደበላልቋል። እንግዳ ምን ይላል? ወገን በወገኑ ለየሁት።» ፈገግ አሉ። «ደግሞ አጥቤያቸዋለሁ። አንድ በአንድ፣ በጥርስ ብሩሽ።»

ቁጭ አልኩ። አፈሩ ተጣብቆባቸው ቢሆን በቀለሙ እለያቸው ነበር፤ እሱንም ጠርገው አበሩት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ እናቴ ብትሰማ ዳሌዋን ይዛ ተነስታ ትመታኝ ነበር። ሽማግሌ ላይ የማይባል ነገር አልኩ። «ሰባት ዓመቴን በሳሙና አጠቡት!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው የካፖርታቸውን ቁልፍ ይነካካሉ። «እኔ እኮ ላግዝሽ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ እሱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

የኔም ጥፋት አለበት፤ ያን ዕለት ግን ላምን አልፈለግኩም። ደንቡ ጥርሱ መጋዘን በገባበት ቀን ቁጥሩ በቀለም ሥሩ ላይ ይጻፍ ይላል። አልጻፍኩም። ቀለም ልኬቱን ያበላሻል እል ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ስንፍና ነው፣ መቸኮል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ አፍስሼ የምለቅመውም አጣሁ።

በዚያው ንዴቴ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። አለቃችን የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ እሱ ቶሎ ጨርሶ ወንበር ላይ ወጣ፣ እኔ ጥርስ ስቆጥር ቀረሁ። እዚያው ቆሜ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የምርምር መረጃ በማጥፋት» ብዬ ጀመርኩ፣ «በፍጹም ግዴለሽነት» ብዬ ጨረስኩ።

«ይሄን ያህል?» አለኝ እያነበበ። «ሊወጡ ሦስት ሳምንት የቀራቸው ሰው?»

«ያንሳል!»

ትከሻውን ሰብቆ ማህተም መታበት። ከሰዓት በኋላ የጋሼን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ክሩን ከአንገታቸው ሲያወጡ መነጽራቸውን ጠለፈውና ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው ሲያነሱት ሁሉም ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

በማግስቱ አለቃችን ራሱ ወደ መጋዘን መጣ። መሳቢያውን እየከፈተ እየዘጋ፣ «ዝርዝሩ ኮምፒውተርሽ ላይ አለ አይደል?» አለ።

«አለ። ቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ የሜዳ አህያ፣ ግራጫ ይላል። ከመቶ ስልሳው አህያ ሠላሳ ሦስተኛው የቱ ነው? ፎቶ እንኳ አላነሳኋቸውም።»

«ስንቱ ነው ግራጫ?»

«ሠላሳው። የቀረው ቀይ።»

«በቃ፣ ሠላሳ ቆንጥሪና ግራጫ በያቸው። ውጤቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ማን ይጠይቅሻል?»

«አንተ ጤነኛ ነህ? ይሄ እኮ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!» አልኩት። «እኔ ወረቀቱ ከሚለው ውጪ አንዲት ፊደል አልጽፍም! ገባህ? አንዲት ፊደል!»

«እንዳሻሽ» ብሎ ወጣ። በራሴ ኮራሁ። በዚያ ሳምንት የኮራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። በትራስ ተደግፋ እያዳመጠችኝ፣ «ታዲያ ሰውዬው ጥርስ ሲያጥቡ አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«አንቺን ሳገላብጥ ነበራ!»

«እሰይ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የዳሌዬ ሆነ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳቋን ይሁን ኩርፊያዋን ልትደብቅ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ለዓመታት ራሳቸው ሲከፍቱ ሲዘጉት የኖሩትን በር ጋሼ አንኳኩ። እጃቸው ላይ አጉሊ መነጽር ይዘዋል።

«አፈሩ ሁሉ አልወጣም» አሉ ከደጅ ሆነው። «ከሥሩ በኩል ቀዳዳ አለ አይደል? እዚያ ውስጥ ብሩሽ አይገባም። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። በመርፌ ብንጎረጉረው ቀይ ይሁን ግራጫ ይታወቃል። መርፌ ስጪኝ።»

ላናግራቸው አልፈለግኩም ነበር። ግን ልክ ናቸው፤ እኔ ሁለት ቀን ሳለቅስ ያልታየኝ ነገር ታያቸው። መርፌ ሰጠኋቸው።

አምስት ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠራን። ጥቁር ወረቀት እናነጥፋለን፣ መብራቱን እናስጠጋለን፣ ጥርሱን በግራ እጅ ይዘን ሥሩን በመርፌ እንጎረጉራለን። እንደ ዱቄት ብናኝ ትወርዳለች። ቀይ ከሆነች ወደ ቀኝ፣ ግራጫ ከሆነች ወደ ግራ። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ባይታወቅም ንብርብሩ ከታወቀ ይበቃኛል። እጄ አበጠ፣ አንገቴ ደረቀ። አላወራንም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ ጋሼ በአፈር የተጠቀጠቀ የከርከሮ ጥርስ አግኝተው፣ «እግዜር ይስጠው፣ ይሄኛው ጥርሱን ሳይታጠብ ነው የሞተው» አሉ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ገና አልበረደልኝም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሜዳ አህያው አለቀ። ሃያ ስምንት ግራጫ፣ መቶ ሃያ አንድ ቀይ፣ ዐሥራ አንዱ አፈር አልቀረበትም። ዝርዝሬ ከሚለው ጋር ይገጥማል። ከርከሮውም ገጠመ፣ አጋዘኑም ገጠመ። ለመሣሪያው አራት ቀን ቀርቶኝ ጽሑፌ ከሞት ተመለሰ። ተነስቼ ወገቤን አፍታታሁና መሳቢያዎቹን መዝጋት ጀመርኩ።

«ጉማሬዎቹ ቀርተዋል» አሉ ጋሼ።

«እነሱን ተዋቸው። ዐሥራ ዘጠኙም ግራጫ ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ አለ።»

«ሥራ ሥራ ነው» ብለው መርፌያቸውን አነሱ። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ እያሉ ቀጠሉ፣ እኔ ቦርሳዬን እያስተካከልኩ ነው። ከዚያ አንዱን ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«ይሄ ቀይ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ ጉማሬ።»

መጥቼ አየሁ። ጥቁሩ ወረቀት ላይ ቀይ ብናኝ አለ። ደሜ ፈላ። «ሁሉንም በአንድ ሳህን አይደል ያጠቧቸው? ከአህያዎቹ የገባ ይሆናላ! ይኸው፣ የእጥበትዎ ውጤት!»

ጋሼ አልተቆጡም። መርፌውን ወደ ውስጥ ገፉት፤ ጎበጠ። ሌላ መርፌ አነሱ፤ እሱም ጎበጠ። ቀዳዳው እስከ ታች ድረስ እንደ ሸክላ በደረቀ ቀይ አፈር ተደፍኗል። «በእጥበት የገባ አፈር እንዲህ ይሆናል?» አሉኝ።

እንዲህ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ።

«ይሄን እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ ጥርሱን እያገላበጡ። «እዚህ ጥጉ ላይ ስንጥቅ አየሽ? መዶሻዬ ነው፤ ያን ቀን ራሴን ስረግም ዋልኩ። ከቀዩ ነው የወጣው። ‹ከቀዩ ጉማሬ ወጣ!› ብዬ እየሮጥኩ መጣሁልሽ። አንቺ ‹ጋሼ፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?› አልሽኝ። ቆፋሪዎቹ ልጆች ሁሉ ሳቁ።»

«እኔ? በፍጹም! ትዝ አይለኝም።»

«አይልሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ላሳፍራቸው ፈለግኩ። ስለ ራሴ ይሄን መናገር ያመኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው፤ ወረቀቱን አውጥቼ ፊታቸው ላይ ላስቀምጥላቸው ፈለግኩ። ጥቅሉን አነሳሁና ላስቲኩን ሳብኩት፤ ተበጠሰ። የጉማሬዎቹን ቁጥር ከዝርዝሩ እያየሁ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለየሁ። ግራጫ። ግራጫ። ግራጫ። ጠረጴዛው ላይ ፊታቸው ደረደርኳቸው።

ሁለት መቶ ሰባት ላይ እጄ ቆመ።

በእርሳስ የተጻፈ ነው፣ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ የጋሼ እጅ ጽሑፍ። «ቀይ» ይላል። ቃሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ተሰምሯል፣ ከበላዩም «ግራጫ» ተብሎ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ተጽፏል። በዚህ መሥሪያ ቤት በአረንጓዴ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም፤ ጓደኞቼ እስኪሰለቻቸው የቀለዱብኝ በዚያ እስክሪብቶ ነው። አሁንም ደረት ኪሴ ውስጥ አለ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ድንኳኑ፣ ሙቀቱ፣ የልጆቹ ሳቅ። ሽማግሌው ተሳስተዋል ብዬ ነበር። ቀዩ ውስጥ ጉማሬ ሊኖር አይችልም፣ ሐይቁ ደርቋላ! ሐይቁ መድረቁን በምን አወቅኩ? ቀዩ ውስጥ ጉማሬ ስለሌለ። ሰባት ዓመት እንዲህ በራሴ ዙሪያ ስዞር ኖሬ፣ ዞሬ ዞሬ የሰው ስም አጠፋሁ። እሳቸው ወረቀቱን ከጥርሱ የለዩት ሳያውቁ ነው። እኔ እያወቅኩ ለየሁ።

«ምናልባት ከታችኛው ተሸርሽሮ ወጥቶ ሊሆን ይችላል» አልኩ። ድምፄ የልመና ሆነ። ውሃ ያንከባለለው ጥርስ ጠርዙ ይዶለዱማል። ይሄኛውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ይቆርጣል። የትም አልሄደም፤ ባለቤቱ በሞተበት አፈር ላይ ነው የቀረው። ሣሩ ሲመጣ ጉማሬው ነበር፣ ጉማሬው ካለ ውሃው ነበር። ከአምስቱ ምዕራፎቼ ሦስቱ ሐይቁ ደረቀ ይላሉ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ጥርሱን በመስኮቱ ልወረውረው ቃጣኝ። ጋሼ ይህን ሁሉ እያዩ የጎበጡትን መርፌዎች ያቃናሉ። አንዲት ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ገና በጠዋቱ አለቃችን ቢሮ ገብቼ ወረቀቱንና ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ነገሩን አስረዳሁት።

«አንዲት ጥርስ?» አለ። «ለአንዲት ጥርስ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው? ኪስሽ ውስጥ ክተቻትና አቅርቢ። ወሩ እያለቀብሽ ነው። ከወደቅሽ እኮ እኔም አላድንሽም።»

«አቀርባለሁ። ሦስቱን ምዕራፎች ቆርጬ አቀርባለሁ። ሣሩ መጣ፣ ሐይቁ ግን አልደረቀም፣ ለምን እንደመጣ አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ።»

«አላውቅም ብሎ የተመረቀ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም። አሁን ያን ደብዳቤዬን መልስልኝ።»

«የቱን?»

«በጋሼ ላይ የጻፍኩትን።»

«ፋይላቸው ውስጥ ገብቷል። ከፋይል ወረቀት አይወጣም፣ ደንብ ነው። መጨመር ብቻ ነው የሚቻለው።»

«እንግዲያው ወረቀት ስጠኝ። ቁልፋቸውንም።»

እዚያው ቆሜ፣ በዚያው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጻፍኩ። «የምርምር መረጃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ቁጥር ሁለት መቶ ሰባትን ጠቀስኩ፣ የተሰረዘውን ቃል ጠቀስኩ፣ በጥርሶቹ ላይ ቁጥር አለመጻፌን ጠቀስኩ። አለቃችን አንብቦ ማህተሙን አንስቶ መታበት። ሠላሳ ዓመት ንጹሕ የነበረው የጋሼ ፋይል አሁን ሁለት ደብዳቤ አለው፤ ሁለቱም የኔ ናቸው።

ጋሼ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ቁልፍ ስለሌላቸው። ቁልፉን ስሰጣቸው ክሩን አንገታቸው ላይ አላጠለቁትም፤ ጥቂት አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «እናትሽ እንዴት አደሩ?» አሉኝ። ገባንና ተቀመጥን። ጥርሱን ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት፣ የቀለሙን ጠርሙስ ከፈትኩ፣ ቀጭኗን ብሩሽ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በጥንቃቄ፣ ምላሳቸውን ወደ ጉንጫቸው ወትፈው ሥሩ ላይ ሁለት መቶ ሰባት ብለው ጻፉ። ከዚያ ብሩሹን አየር ላይ አቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ከጎኑ ምን ልጻፍበት?»

«ያኔ የጻፉትን» አልኩ።